ጋሽ ቆይና ቆሞ የሚጠብቀው ፕሮግራም

ሰውየው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ሕንጻው ውስጥ ግን በዚያ ስም ብትጠሩት ማንን እንደፈለጋችሁ የሚገባው ሰው የለም። ጋሽ ቆይ ነው። ለምን እንደተባለ ለማወቅ በሩን አንዴ ማንኳኳት ይበቃል። «ቆይ!» ይላል ከውስጥ። ምሳ ቀረበ ሲሉት ቆይ፣ ስልክ ሲጠራ ቆይ። አንድ ቀን ፎቁ ላይ የጭስ ደወል ጮሆ ሰው ሁሉ በደረጃው እየተጋፋ ሲወርድ፣ እሱ ከኮምፒዩተሩ ሳይነሳ «ቆይ፣ ይቺን ብቻ ልጨርስ» እያለ ጥበቃው በክንዱ ጎትቶ ነው ያወጣው። የጨሰው የአንዱ ጎረቤት ዳቦ ሆኖ ተገኘ። ጋሽ ቆይ ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨው ሳይጨርሳት የተነሳባት መስመር ናት።

ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ክፍያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፕሮግራም ሲጽፍ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጡረታ የወጣ ሰው ምን ያደርጋል? ይተኛል፣ ይራመዳል፣ ጋዜጣ ያነባል። ይሄኛው ግን በወጣትነቱ ተምሯት አለቆቹ «ያረጀች ናት» ብለው የከለከሉትን ቋንቋ ይዞ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተተከለ። ስሞልቶክ ትባላለች፤ ኮምፒዩተርን ማዘዣ ቋንቋ ናት። ማሽኑ ከነሽቦው ጠረጴዛውን ሞልቶት ሚስቱ በጠርዙ ላይ ሳህኗን በአንድ እጇ ደግፋ ነው የምትበላው። ሴትዮዋ ትዕግሥተኛ ናት፣ ምላሷ ግን ምላጭ ነው። «ከእኔ ጋር በዓመት ያላወራኸውን ከእሷ ጋር በአንድ ጠዋት አወራኸው። በል አግባትና እኔ ጠረጴዛዬን ልውሰድ» ትለዋለች። እሱ ምን ይላል? ቆይ።

የነገሩ ሁሉ መነሻ አዳራሹ ነው። ሕንጻው ከምድር ቤት የጋራ አዳራሽ አለው፤ ልደት ያለበት፣ ስብሰባ ያለበት፣ ዘመድ የመጣበት ሁሉ ይፈልገዋል። ተራ የሚያዘው ደግሞ በጩኸት ነበር። ደረጃው ላይ ቆሞ ከፍ አድርጎ የጮኸ አዳራሹ የእሱ ነው። ከሁሉም የሚጮኸው ማን ነው? የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የቀድሞ የስፖርት አስተማሪ፣ ያለ ፊሽካ ሜዳ ሙሉ ልጅ ሲያሰልፍ የኖረ ሰው! ስለዚህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አዳራሹ የሊቀመንበሩና የካርታ ጓደኞቹ ነው። አራተኛ ፎቅ ያለችው ፀጉር ሠሪ የልጇን ልደት እዚያ ለማክበር ስንት ጊዜ ለምና አንጀቷ አርሮ ቀርቷል። ድምጿ ቀጭን ነዋ!

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ይሄው ጭቅጭቅ ተነስቶ ሰው ሊደባደብ ሲል፣ አፉን ከፍቶ የማያውቀው ጋሽ ቆይ እጁን አወጣ። «እኔ በኢንተርኔት ላይ እሠራዋለሁ» አለ። «እያንዳንዱ ሰው ከስልኩ በራሱ ስም ይገባል፣ ቀኑን ይጠይቃል፣ ቀድሞ የጠየቀ ያገኛል። መጮህ የለም።» ሰው አጨበጨበ። ሚስቱ ከኋላ ወንበር ላይ ግንባሯን ያዘች።

እንግዲህ ይቺ ቋንቋ ምን እንዳላት ልንገራችሁ፤ ሳትሰሙ ብንሄድ ታሪኩ አይገባችሁም። ሌላው ፕሮግራም የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ይወድቃል፤ ቀይ ጽሑፍ ይረጭና አበቃ። የስሞልቶኩ ግን አይወድቅም። እንደቆመ ቆሞ፣ ሠሪው ስክሪን ላይ መስኮት ይከፍትና «እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፣ እኔ አላውቀውም፣ ምን ልበል?» ይላል። ሠሪው የጎደለውን እዚያው ይጽፍለታል፣ ወይም መልሱን በሁለት የጥቅስ ጭረቶች መሃል ያስቀምጥለትና ቀጥል ይለዋል። ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ወዲያ ማዶ ስልኩን ይዞ የሚጠብቀው ሰው የሚያየው ገጹ ትንሽ መዘግየቱን ብቻ ነው። ቆይ ሲሉት የሚቆይ ማሽን! ለዚህ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይምጣለት?

የመጀመሪያው ሙከራ ግን ጉድ ሆነ። ጋሽ ቆይ ሲሠራ የሚሞክረው ሁልጊዜ ብቻውን ስለነበር፣ ፕሮግራሙ ውስጥ «የገባው ሰው» የሚቀመጥበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር ያበጀው። አዲስ የገባ ያለውን ገፍቶ ይቀመጣል። ለሙከራ ሊቀመንበሩ ገባ፣ ፀጉር ሠሪዋ ገባች፣ በመጨረሻ ጥበቃው ገባ። ወዲያው የሦስቱም ስልክ ላይ «እንኳን ደህና መጡ፣ ጥበቃው» የሚል ወጣ።

«እኔ ጥበቃ ነኝ?» ብሎ ጮኸ ሊቀመንበሩ።

«እንግዲህ ኮምፒዩተር አይዋሽም» አለ ጥበቃው፣ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ እየዘረጋለት። «በሩን አደራ። እኔ ምሳ ልበላ ነው።»

ጋሽ ቆይ ቤቱ ገብቶ ነገሩን ሲያወራ ሚስቱ እስክታነባ ሳቀች። ከሳቋ በኋላ ግን ኮስተር አለች። «አይፈረድብህም» አለችው። «አንተ ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ እንዳለ መቼ አውቀህ ታውቃለህ?» ንግግሩ ገባው፣ ቆጠቆጠውም፤ ግን ሄዶ ያረመው ፕሮግራሙን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ቦታ አበጀለት፤ አንዱ ሲገባ ሌላው እንዳይገፋ፣ የአንዱ ጥያቄ ከሌላው እንዳይደባለቅ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሰመረ፤ ችግሩ የተሳካበት አካሄድ ነበር። ጋሽ ቆይ ፕሮግራሙን እስከ መጨረሻው ጽፎ አልጨረሰም። ለምን ይጨርሳል? የጎደለው ሲገኝ መስኮቱ ይከፈታል፣ እሱ ይሞላል። ሰው የሚጫነውን ቁልፍ ሁሉ ደርድሮ፣ ከግማሹ በስተጀርባ ግን ምንም አላስቀመጠም። «ሲደረስበት ይደረስበታል» ነው ነገሩ። ነዋሪዎቹ ይሄን የት ያውቃሉ? ፀጉር ሠሪዋ «ይሄ ፕሮግራም እኮ ዝም ብሎ አይመልስም፣ ያስባል!» እያለች ለደንበኞቿ ታወራለች። የሚያስበው ጋሽ ቆይ ነበር፣ በፒጃማ።

እንዲህ ሆኖ ከወንበሩ መነሳት አቃተው። መታጠቢያ ቤት እንኳ ሲገባ በሩን ገርበብ አድርጎ ጆሮውን ጥሎ ነው። መስኮት ሲከፈት ኮምፒዩተሩ ጢጥ ይላል። ያን ጊዜ ፊቱን በሳሙና አረፋ እንደሸፈነ «የኔ እመቤት! በሁለቱ ጭረቶች መሃል ይቻላል ብለሽ ጻፊና ቀጥል የሚለውን ተጫኚልኝ!» ብሎ ይጮሃል። ሚስቱም እያጉረመረመች ትጽፋለች፣ ትጫናለች። «ሽንኩርቴን አሳረርከው» ትላለች። እሱ ግን አረፋውን እየጠረገ «አየሽ፣ ቀላል ነው እኮ» ይላታል።

አሁን የሴትዮዋን ሆድ የሚያቃጥለውን ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ ልጃቸው ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ፣ ሌላ ከተማ ተድራ ትኖራለች። ወለደች። ሴት ልጅ! የመጀመሪያዋ የልጅ ልጅ! አያቶቹ እስካሁን ያዩዋት በስልክ ስክሪን ነው። ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች፣ ስልክ ውስጥ። ሳቀች፣ ስልክ ውስጥ። ልጃቸው በደወለች ቁጥር «አባዬ፣ መቼ ነው የምትመጡት?» ትላለች። እሱ «ቆይ ልጄ፣ ይቺን ሥራ ላስረክብ» ይላል። ሚስቱ ብቻዬን ልሂድ ብላ አስባለች፤ ግን የመጀመሪያ የልጅ ልጅን ያለ አያቷ ማቀፍ አላምርሽ አላት። ሹራብ ሠርታ ነበር። ልጅቷ አደገችና ሹራቡ ጠበባት፤ ፈትታ ሌላ ሠራች።

ሁለተኛው ሹራብም ሊጠብ መሆኑን ልጇ ስትነግራት ሴትዮዋ ስልኩን ዘግታ መጣችና ከስክሪኑ ፊት ቆመች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«ጠቅላላ ስብሰባው ፕሮግራምህን በሚቀበልበት ቀን ማግስት ጠዋት አውቶቡስ አለ» አለችው። «ሁለት መቀመጫ ይዣለሁ። አንተ ካልመጣህ አንዱ ላይ ሻንጣዬን አስቀምጣለሁ። እዚያ ሄጄም ቶሎ አልመለስም፤ ቆይ እያልኩህ እከርማለሁ።»

«ስብሰባው ይለፍ እንጂ እንሄዳለን» አለ ጋሽ ቆይ። ከልቡ ነበር። ግን ስብሰባው ሊጀመር ሲል ሊቀመንበሩ ትከሻውን ይዞ «ሰው ሁሉ እንዲለምደው መጪውን ሳምንት ሙሉ እዚሁ ታሠለጥነናለህ፣ አይደል?» አለው። እሱ ደግሞ ሰውን እምቢ ማለት የማያውቅ፣ አንገቱን ነቀነቀ። ሚስቱን እምቢ ማለት ብቻ ነው የለመደው! አውቶቡሱ ትዝ አለው። ምን ብሎ እንደሚነግራት ግራ ገባው።

አዳራሹ ሞላ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሎ ሰው በስልኩ የሚጠይቀው ሁሉ ከነመልሱ እዚያ ይታያል። ማሽኑ ግን ላይ ቤት፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ጋሽ ቆይ ደግሞ እዚህ፣ ከሰው ፊት። ዛሬ መስኮት ቢከፈት የሚያየው የለም። ስለዚህ የሚሠሩትን ቁልፎች ብቻ ለይቶ አስጠናቸው። «‹ሁልጊዜ› የሚለውን ብቻ እንዳትነኩብኝ» ብሎ ለመነ። ያ ቁልፍ በየሳምንቱ አዳራሹን ለመያዝ ነው የተቀመጠው፤ ከጀርባው ግን ባዶ ነው።

ፀጉር ሠሪዋ ለልጇ ልደት መጪውን ቅዳሜ ጠየቀች። ተፈቀደላት። ስሟ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሊቀመንበሩ ይሄን ሲያይ ደሙ ፈላ። ስልኩን አወጣ፣ ቅዳሜን መረጠ፣ በዚያ ወፍራም ጣቱ ‹ሁልጊዜ› የሚለውን ተጫነው።

ገጹ ቀጥ አለ።

ጋሽ ቆይ ወደ ጣራው ቀና አለ። አሁን ላይ ቤት መስኮቱ እንደተከፈተ ያውቃል። ሚስቱ ሻንጣ እያሰረች እንደሆነም ያውቃል። ሰው ማንሾካሾክ ጀመረ። «ተበላሸ እንዴ?» አለ አንዱ። «ቆይ» አለ ጋሽ ቆይ። «ቆይ፣ እያሰበ ነው።»

ስክሪኑ ላይ መልስ ብቅ አለ። «አይቻልም። ሁልጊዜ የሚባል ቀን የለም። ሌላም ሰው እዚህ ይኖራል።»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። «እሰይ!» አለ ጥበቃው ከበሩ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እንደገና ተጫነው። አሁን መልሱ አልዘገየም። «አንዴ ነገርኩዎት እኮ። ሽንኩርቴ እያረረ ነው።»

ጋሽ ቆይ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ይሄን አነጋገር ያውቀዋል። በዚህ አነጋገር ነው ዕድሜውን ሙሉ የተዳደረው! ሰዎቹ «ፕሮግራሙ ይቀልዳል!» እያሉ ይስቃሉ፤ እሱ ብቻ ነው ማን እንደሆነች የሚያውቀው። ጠላት መስላ እያጉረመረመች የተማረችውን ይዛ ዛሬ፣ ልታዋርደው ትችል በነበረበት ሰዓት፣ ሻንጣዋን ትታ ተቀምጣለታለች። ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ አፈረ፤ ያንን የሥልጠና ነገር አንገቱን ነቅንቆ የተቀበለው እሱ ነዋ።

«እስቲ ራስህ ሞክረው!» አለ ሊቀመንበሩ ብድሩን ሊመልስ። «ሠሪውንም እንዲህ የሚያመናጭቅ ከሆነ እንይ። በል፣ የሥልጠናውን ሳምንት ያዝበት።»

ጋሽ ቆይ ስልኩን አወጣ፣ በስሙ ገባ። ሳምንቱን ሙሉ መረጠ፣ ምክንያቱ ላይ «ሥልጠና» ብሎ ጻፈ። በትክክለኛው ቁልፍ ቢሄድ ፕሮግራሙ ራሱ ይፈቅድለት ነበር። ይሄን አሳምሮ ያውቃል። ፊት ለፊት ለመንገር ድፍረት ያጣውን ግን በዚህ በኩል ሊጠይቃት ፈለገና ጣቱ ‹ሁልጊዜ› ላይ አረፈ።

ገጹ ቆመ። ከቅድሙ ይልቅ ዘገየ። እሱ ስክሪኑን እያየ፣ ላይ ቤት መነጽሯን አስተካክላ «ሥልጠና» የምትለዋን ቃል ስታነባት፣ ደግማም ስታነባት ይታየው ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች።

መልሱ መጣ።

«አዳራሹ ክፍት ነው። አንተ ግን የለህም፤ ነገ ጠዋት መንገደኛ ነህ። ልጅቷ ጥርስ ልታበቅል ነው። እሷን ቆይ ብትላት አትቆይልህም።»

በመጀመሪያ ሳቅ ተነሳ። ከዚያ ሳቁ አንድ ባንድ ቀረ፤ የጋሽ ቆይን ፊት አይተውት ነው። ሽማግሌው በመዳፉ ዓይኑን ይጠርጋል፣ ሰው ፊት፣ ያለ ሀፍረት።

«ይሄን የሚመልሰው ማን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ፣ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ።

«ሚስቴ ናት» አለ ጋሽ ቆይ። ተነስቶ ቆመ። ከጀርባቸው ምንም የሌለባቸውን ቁልፎች፣ የሚከፈተውን መስኮት፣ ፒጃማውን፣ ሁሉንም ዘረገፈው። «ያልጨረስኩትን ነው ሳሳያችሁ የከረምኩት። ሥልጠናም አልሰጥም። ቅድም እሺ ያልኩት አፍሬ ነው። ነገ የልጅ ልጄን ላቅፍ እሄዳለሁ። ፕሮግራሙንም ዘግቼው ነው የምሄደው፤ ከፈለጋችሁ ተቀበሉት፣ ካልፈለጋችሁ ተዉት።»

ሊቀመንበሩ ሊናገር አፉን ሲከፍት ፀጉር ሠሪዋ ቀደመችው። ያቺ ቀጭን ድምጽ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ አዳራሹ አስተጋባ። «እኔ እቀበላለሁ! ግን እሷ ካለችበት ነው!» አለች። እጅ በእጅ ላይ ወጣ። ጥበቃው የመምረጥ መብት የለውም፤ እሱ ሁለት እጁን አወጣ። ሊቀመንበሩ ግራ ቀኝ አየና፣ ብቻውን ከመቅረት ብሎ መሰለኝ፣ እሱም አነሳ። እስኪመለሱ ድረስ ማን ተራ ያስይዝ ሲባል፣ «ምን ችግር አለው፣ እንጠብቃለን። ቆይ መባል ለምደናል» አለ ጥበቃው፤ በዚሁ ተበተኑ።

ጋሽ ቆይ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ወጣው። በሩ ላይ ሻንጣው ታስሮ ቆሟል፤ ሹራቡ ከላዩ ታጥፏል። ሦስተኛ ሹራብ ነው፣ ሰፋ ተደርጎ የተሠራ። ሚስቱ በእሱ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዶ፣ በአንድ ጣት እየለቀመች ትጽፋለች።

«የኔ እመቤት» አለ ከበሩ፣ እያለከለከ። «እኔ... ይቅር በይኝ...»

«ቆይ!» አለችው ዞር ሳትል። «ጥበቃው አዳራሹ ውስጥ ከምሳ በኋላ መተኛት ይቻላል ወይ ብሎ ጠይቆኛል።»

ቆየ። ከሻንጣው ጎን ቆሞ ጠበቀ። ስንት ዓመት እሷ እንዲህ ቆማ እንደጠበቀችው ያን ጊዜ ነው የገባው፤ እግሩ ደከመው፣ ሆድ ባሰው። እሷ «ይቻላል፣ እንዳታንኮራፋ» ብላ ጻፈች፣ ቀጥል አለችውና ተነሳች።

እሱ ጠጋ ብሎ ፕሮግራሙን እንዳለ፣ ከነሰዉ ከነቀጠሮው አስቀመጠው። ቋንቋዋ እንዲህ ናት፤ ሲመለሱ ሁሉም ነገር ትተውት በሄዱበት ይጠብቃቸዋል። ከዚያ ማሽኑን ጨርሶ ዘጋው። ያ ሲጮህ የኖረ ሳጥን ዝም ሲል ቤቱ ውስጥ የግድግዳው ሰዓት ድምጽ ተሰማ። ሚስቱ ሰዓት እንዳላቸው ረስታው ነበር።

ጋሽ ቆይ ኮፍያውን ደፋ፣ ሻንጣውን አነሳ፣ በሩን ከፈተ። «በይ ተነሺ፣ እንሂድ!» አለ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ልጅቷ ጥርስ ልታበቅል ነው ብለሻል እኮ!»

«አውቶቡሱ ነገ ጠዋት ነው» አለችው ሚስቱ፣ እየሳቀች ሻንጣውን ከእጁ ልትቀበል። እሱ ግን አልሰጣትም። ኮፍያውን እንደደፋ፣ ሻንጣውን እቅፉ አድርጎ፣ በሩ አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እሷም እራቱን ለሁለት አቅርባ ጠራችው፤ ጠረጴዛው ላይ ማሽኑን ገፋ አድርጋ ቦታ አበጅታ ነበር።

«መጣሁ» አለ፤ መጣም።